ቁልፉን የነካሁ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የአባቴን የመፍቻ ሳጥን ስጠርግ ከዛጉ ብሎኖች ሥር አንዲት የሃያ ሲሲ ሲሪንጅ አገኘሁ። መርፌ የላትም። በመርፌዋ ቦታ አንድ ስንዝር የምታህል የጉሉኮስ ላስቲክ ተሰክታባታለች፤ ሆዷ ውስጥ የቀረው ዘይት ጠቁሮ ረግቷል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ይህን ያህል ዓመት ቆይታ ቤንዚን ትሸታለች ብል አታምኑኝ ይሆናል። እኔን ግን ሸተተኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የአንዲት አሮጌ ቮልስ ነገር ነው። ውሃ ሰማያዊ ነበረች፤ የግራ መከላከያዋ ግን ነጭ ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣ ነበርና። አባቴ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ መኪናዋንም የሚይዛት እንደ መዝገብ ነበር። ጠዋት ጠዋት የማይለወጥ ሥርዓት ነበረው። ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ቤንዚን መስጫውን ሁለት ጊዜ ይረግጣል፤ ሁለት ብቻ። እግሩን ያነሳል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። እምቢ ካለችው አይነዘንዛትም። "ቤንዚን ደጋግመሽ ስትሰጫት ትታፈናለች" ይለኝ ነበር። "ከታፈነች ደግሞ በልመና አትነሳም።" ቁልፉ ሳሎን ውስጥ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። እሱ በሌለበት ማንም አይነካውም። ሕጉ ይኼው ነበር።

ያን ክረምት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት አምቦ መጥቼ ሳለ፣ አባቴ ወደ ሰንቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ መንዳት አስተማረኝ። በሰፈራችን መሪ የጨበጠች ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይኼንን ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ከዚህ የበለጠ ጉዳይ አልነበረኝም።

አባቴ ግን ጉዳይ ነበረው። ጌዶ የሚኖር አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር። ጠቡ የመጣው በአያቴ ቀብር ነው። አያቴ እኛ ቤት ታማ ስታርፍ አባቴ ወንድሙን ሳይጠብቅ እዚሁ አምቦ ቀበራት። አጎቴ በበኩሉ ባሏና ዘመዶቿ ባረፉበት ጌዶ ትመጣለች ብሎ መቃብር አስቆፍሮ ይጠብቅ ነበር። አባቴ "ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ነው" አለ። መንገዱ በርግጥ ለግማሽ ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ግማሽ ቀን መጠበቅ ግን ይቻል ነበር። ይህንን አባቴም ያውቃል። አጎቴ ባዶውን ጉድጓድ በገዛ እጁ መልሶ ሞላው ይባላል። ከዚያ ወዲያ የአባቴን ስም አልጠራም።

በዘጠነኛው ዓመት አጎቴ ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው። ለሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀጠሮ ተያዘለት። ይህን ጊዜ ሁለቱንም በልጅነታቸው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መሃል ገቡና ወር ሙሉ ተመላልሰው አጎቴን እሺ አሰኙት። እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሽማግሌዎች አጎቴ ደጃፍ ይቀመጣሉ። አባቴ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ፣ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ፣ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ በእኛ አገር በዳይ ዕርቅ የሚለምነው እንዲህ ነው። ከታረቁ በኋላ ደግሞ ወንድሙን በራሱ መኪና ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ ያበጠ እግሩን አዘርግቶ፣ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ይህን የጨመረው አባቴ ራሱ ነው። ለእናቱ ያልሄደውን መንገድ ለወንድሙ ሊሄድለት ነበር።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ አባቴ ነጭ በነጭ ለብሶ ሳር ሊያጭድ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ወረደ። እናቴ ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ተረኛ ስለነበረች ገና አልተመለሰችም። ሐምሌ ነው፤ ግቢው በጉም ተሸፍኗል፤ የቮልሷ መስተዋት ላብ አውጥቷል። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ሰዓት ነበር። መኪናዋን አስነስቼና አሙቄ በር ላይ ባቆማትስ አልኩ። አባቴን ላግዘው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ የፈለግሁት እነዚያ ሰዎች መሪ ጨብጬ እንዲያዩኝ ነው።

ቁልፉን ከምስማሩ አወረድኩ። ገብቼ ሁለቴ ረገጥኩ፤ አዞርኩ። አንዴ አሳላት፣ ዝም አለች። እግር አንስቶ መጠበቅ ነበር ደንቡ። እኔ ግን ከአጥሩ ውጭ የሰው ድምፅ ሰማሁና ቸኮልኩ። ረገጥኩ፣ አዞርኩ፤ ረገጥኩ፣ አዞርኩ። የቤንዚን ሽታ ከኋላ እየመጣ መኪናዋን ሞላት። በመጨረሻ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ሞተሩ ምንም ሳይከብደው፣ እህል እንዳልተጨመረበት ወፍጮ ባዶውን ይዞር ጀመር። እኔ ሞኟ፣ ቀለል ካላትማ ልትነሳ ነው ብዬ የባሰ አዞርኩት። ባትሪው ሲደክም ደነገጥኩ። ቁልፉን ነቅዬ ምስማሩ ላይ መለስኩት፤ እንዳይወዛወዝም በጣቴ ያዝ አድርጌ አቆምኩት።

አባቴ ሳሩን ይዞ መጣ። ጠል ያረገዘ ለጋ ሳር ነበር፤ ሥሩን በክር አስሮታል። ከመሪው በላይ፣ መስተዋቱ ሥር፣ በጥንቃቄ አስቀመጠው። "ተዘጋጅተሻል፣ ኢንተላ ኮ?" አለኝ፤ ደስ ሲለው ብቻ ነው በኦሮምኛ ልጄ የሚለኝ። ከዚያም ገብቶ በሩን ዘጋ። ሁለቴ ረገጠ። ጠበቀ። አዞረ። ሞተሩ ያንኑ ባዶ ድምፅ አሰማ፤ አሁን ደግሞ ደከም ብሏል።

አባቴ ወዲያው እጁን አነሳ። "ይኼ የሷ ድምፅ አይደለም" አለ። ወርዶ ከኋላ የሞተሩን ክዳን ከፈተና አሸተተ። "ቤንዚን ጠጥታለች። በምን ምክንያት?" ወደኔ ዞረ። "ሁለቴ ነው አይደል የረገጥኩት?"

"ሁለቴ ነው" አልኩት።

እውነቴን ነው፤ እሱ የረገጠው ሁለቴ ነው። ያን ቀን ሙሉ ከአፌ አንድም ሐሰት አልወጣም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼው ነው።

የነጭ ልብሱን እጅጌ ሰብስቦ ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች መፍታት ጀመረ። አራት ናቸው፤ ሦስተኛው ዓይን የማያየው ቦታ ስለሆነ በዳበሳ ነው የሚፈታው። አራቱም ቤንዚን እያንጠባጠቡ ወጡ። ከዚያ ትልቁን መፍቻ ከኋላ ያለው የቀበቶ ማዞሪያ ፑሊ ላይ ገጥሞ፣ "አውራ ጣትሽን ካንዴላው የወጣበት ቀዳዳ ላይ አድርጊ፤ ደፍነሽ ያዢው" አለኝ። ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረው። ጣቴ ሥር ደካማ ትንፋሽ ነገር እፍ አለ፤ ሌላ የለም።

"ገፋሽ?"

"አልገፋኝም።"

"ኮምፕሬሽን የላትም ማለት ነው" አለና፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ አስተማሪ መሆን ስለሚወድ በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ አስረዳኝ። ቤንዚን ሲበዛ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ይወስደዋል። ዘይት ከሌለ ፒስተኑን የከበበው ፋሻ አየሩን መያዝ አይችልም። አየሩ ካልታመቀ ደግሞ ብልጭታው ቢኖርም እሳት አይያዝም። "ታፍና ሳለ ሰው ደጋግሞ ካላስጮኻት በቀር እንዲህ አትሆንም" አለ፤ ከዚያ ባትሪውን አየ። እሱ ግን እኔን መጠርጠር አልመጣለትም፤ ሕጉን አውቃለሁዋ።

እናቴ በዚህ መሃል ከሥራ ደረሰች። ነገሩን ሰምታ ካንዴላዎቹን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ልታደርቅ ወሰደች፤ አባቴ ዘይት በቀዳዳው የሚያስገባበት ዕቃ ሲቸግረው ደግሞ ቦርሳዋን ከፍታ ሲሪንጅ አወጣች። የጉሉኮስ ላስቲክ በመቀስ ቆርጣ ጫፉ ላይ ሰካችለት።

"ስንት ሲሲ ነው የታዘዘላት?" አለችው።

"ለእያንዳንዱ አምስት አምስት።"

"በጡንቻ ነው በደም ሥር?"

አባቴ ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ዘይት እየሰጠ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። እጁ ዘይት ስለነበር "ድምፁን ክፈቺው" አለኝ። አስታራቂው ሽማግሌ ነበሩ።

"ተቀምጠናል እኮ። የት ደረስክ?"

"ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገና አምቦ ነኝ። መኪናዋ እምቢ አለችኝ።"

"ማሎ! በዛሬው ቀን?" ማሎ ሲሉ ልመናም ተግሣጽም ነበረበት። ከዚያ አፋቸውን ከስልኩ ራቅ አድርገው ለተቀመጡት፣ "መኪና ተበላሸ ይላል" ሲሉ ሰማን። ከዚያ የታመመ ሰው ድምፅ፣ እየቆራረጠ፣ እንዲህ አለ፦

"ያኔም መንገድ ተዘጋ ነበር ያለው።"

ዘጠኝ ዓመት ያልሰማነው የአጎቴ ድምፅ ነበር። አባቴ እጁ ላይ ያለችውን ሲሪንጅ ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ በክንዱ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ልጄ እዚህ ናት፤ እሷ ትንገራችሁ" አለ። በሹክሹክታ ደግሞ "ንገሪያቸው። እውነቱን ንገሪያቸው" አለኝ።

እውነቱን። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ አጎቴ፣ አባቴ ሳር ሊያጭድልህ ሲወርድ መኪናዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት። ለአባቷ ብላ የምትዋሽ ልጅ ራሷን እንዲህ አታዋርድምና ያምነኝ ነበር። አጠገቤ ግን አባቴ ቆሟል፤ እናቴ ቆማለች።

"አዎ… አልነሳ ብላ ነው" አልኩ።

"እሺ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ልጅ ለአባቷ ካልተናገረች ለማን ትናገራለች?" ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ ዞረ። ዘይቱ ከሁሉም ቀዳዳ እንደገባ ሞተሩን በመፍቻ ብዙ አዞረው፤ የተጠራቀመው ቤንዚን በቀዳዳዎቹ እየተፋ ወጣ። እንደገና አውራ ጣቴን አደረግሁ። አሁን አየሩ ጣቴን አንስቶ ወረወረው።

"ገፋሽ?"

"ገፋኝ!"

ካንዴላዎቹ ደርቀው ተመለሱ። ባትሪው ግን ስለሞተ መግፋት ያስፈልግ ነበር፤ ሰዎቹም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበት ሰዓት ደርሶ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በነጠላው መጥቶ ቮልሷን ከበባት። "አንቺ ግቢ" አለኝ አባቴ፤ "ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጠሽ ያዢው፤ እያነሳሽ አትርገጪ። ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና ስልሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ።" እሱ ከኋላ ሆኖ ከሰዎቹ ጋር ገፋ። እንግዲህ የተመኘሁት ሆነልኝ፤ መሪ ጨብጬ ሰፈሩ ሁሉ አየኝ። ቁልቁለቱ ላይ "ልቀቂ!" ሲል ለቀቅሁ። ሁለቴ ነጠረች፣ ሦስቴ አሳላት፣ ከዚያ ተነሳች፤ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሞላው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። በመስተዋቱ ውስጥ አባቴ ከጭሱ ሲወጣ አየሁት። ነጭ ልብሱ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ዘይት በዘይት ሆኗል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። አባቴ እየነዳ፣ እኔ የሽማግሌውን ስልክ ደጋግሜ እየደወልኩ። ሊገኙ አይችሉም የምትለው ሴትዮ ብቻ ነች የምትመልስልኝ። ዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገረ ቤት የሌላውን ስልክ ከየት ያውቃል? ሌላ ቁጥር አልነበረንም። ፀሐይ ወጥታ መስተዋቱ ሥር ያለውን ሳር ታሞቀው ጀመር። በጥላ በኩል አዞርኩት።

ከጉደር አልፈን ዳገቱን እንደተያያዝን አንድ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ የድንች መኪና ከፊታችን መጣ። መንገዱ ጠበብ ያለ ቦታ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ጥግ ይዞ አሳለፈውና እጁን አነሳለት። ከፍ ያለ መኪና ስለሆነ ውስጡን አላየንም። የፀሐይ ነጸብራቅ ብቻ ነበር።

ጌዶ ስንደርስ አጎቴ ደጃፍ ማንም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡባቸው አግዳሚዎች ወደ ጥግ ተደርድረዋል። በሩ ላይ ግን አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ወደ መንገዱ ፊቱን አዙሮ ብቻውን ቀርቷል። የአጎቴ ልጅ ወጣ፤ እኩያዬ ነው፤ አንተዋወቅም።

"አሁን እኮ ነው የሄዱት" አለ። "አባቴ እስከ አምስት ሰዓት እዚህ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ነበር። ግባ ብንለውም እምቢ አለ። ከዚያ ቀጠሮው እንዳያልፈው በድንች መኪና ከፊት አሳፈርነው። መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?"

አባቴ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ሳሩን አመጣ። ጫፉ ጠውልጓል። ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና፣ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆመ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሆስፒታል ሄደ። እኔም እንድሄድ ጠይቆኝ ነበር፤ ራሴን አመመኝ አልኩ። ይኼ እንኳ ውሸት ነበር፤ ካልሁት ሁሉ የዋሸሁት ያንን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እናቴን "ወደ ግድግዳው ዞረብኝ" አላት። አጎቴ ጳጉሜን ሳያይ ዐረፈ። ቀብሩ ላይ አባቴ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ፤ አፈር ያለበሰውም ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቮልሷን ረጅም መንገድ አልነዳትም። ያገኘውን መካኒክ ሁሉ ግን "ሁለቴ ብቻ ተረግጣ መኪና እንዲህ ትታፈናለች?" እያለ ይጠይቅ ነበር። አንዱ ካርቡራተሩ ነው ይለዋል፤ ያጸዳዋል። ሌላው ሌላ ይለዋል። በመጨረሻ ራሱ አንድ መልስ አገኘ። "ልቤ እዚያ ስለነበር በችኮላ ሦስቴ አራቴ ረግጬ ይሆናል" ይል ጀመር፤ ለእንግዳም፣ ለጎረቤትም። እኔ አጠገቡ ሆኜ ሻይ እቀዳ ነበር። ስንት ጊዜ ሰማሁት! ስንት ጊዜስ ዝም አልኩ!

በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሞተሩ ዝጎ እንዳይነክስ ብሎ፣ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በዚያችው ሲሪንጅ ዘይት ይሰጣትና ሞተሩን በመፍቻ ያዞረዋል። እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ አውራ ጣቴን እሰጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ጎንበስ ብለን ሳለ፣ ፊቱን ስለማላይ ይሆናል፣ ድፍረት መጣልኝ።

"አባዬ፣ ያን ዕለት ጠዋት ቁልፉን ነክቼው ነበር። ያፈንኳት እኔ ነኝ።"

መፍቻው ቆመ።

"ስንቴ ረገጥሽ?"

"አልቆጠርኩም።"

ቁጣውን ስጠብቅ ነበር፤ ለቁጣው ለዓመታት ተዘጋጅቻለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ቢለኝም መልስ ነበረኝ። አባቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደጋግሞ ጠረገ።

"ለእኔ አሁን ምን ያደርግልኛል?" አለ ቀስ ብሎ። "ስልኩን የሰጠሁሽ ጊዜ ለሱ ነበር መንገር። አንቺን ያምንሽ ነበር።"

አለቀስኩ። እሱ እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ፤ ከዚያ መፍቻውን አነሳና "በይ፣ ጣትሽን አድርጊ" አለኝ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳንም። እሱም ስለ ሁለቴና ስለ ሦስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አላወራም።

ባለፈው መጋቢት አባቴ ዐረፈ። ጌዶ ከወንድሜ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎ ስለነበር ወሰድነው። መቃብሩን ያስቆፈረው ያ የአጎቴ ልጅ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሲሪንጇን አጥቤ ዘይት ሞላሁባት። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ፤ ሦስተኛውን በዳበሳ። አምስት አምስት ሲሲ ሰጠኋትና መፍቻውን ፑሊው ላይ ገጠምኩ። ማዞር ጀመርኩ፤ ይዞራል። ኮምፕሬሽን ይኑራት አይኑራት ለማወቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ጣቱን ያደርጋል። መፍቻውን ይዤ አውራ ጣቴን ወደ ቀዳዳው ለማድረስ ተንጠራራሁ። አልደረሰልኝም።